የኮስታሪካው ባለ አምስት ኖት

ፈሪ ነኝ፤ ቀድሜ ልናገር። ሃይዌይ ላይ ትራክ አጠገቤ ሲመጣ ትንፋሼን እይዛለሁ። የአለቃዬ ቁጥር ስልኬ ላይ ብቅ ሲል ስልኩን ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። እንዲህ ያለች ሴት የሰው አደራ መቀበል አልነበረባትም። ተቀበልኩ።

የመካከለኛው አሜሪካ አሮጌ የወረቀት ገንዘብ እሰበስባለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ፎርት ዎርዝ ዕቃ የማሽግበት ዌርሃውስ ግማሹ ሰው ከዚያ አካባቢ የመጣ ነው፤ አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አንዷ የጓቲማላ ኖት አሳየችኝ፣ በዚያው ልክፍት ሆነብኝ። ጓቲማላዎች ኖታቸው ላይ ረጅም ጭራ ያላት አረንጓዴ ወፍ አለች፤ ቁጥሩን ደግሞ በጥንት አያቶቻቸው አጻጻፍ፣ በነጥብና በሰረዝ ይደግሙታል። የኒካራጓ አለልሽ፣ ኑሮ እሳት ሲሆንባቸው አዲስ ማተሙን ትተው በአሮጌው ላይ ዜሮ የደረቡበት። እሱን ባየሁ ቁጥር ይጨንቀኛል። ሰው የቋጠረው ነገር አንድ ቀን እንዲህ ይሆናላ!

ከሁሉም የምወደው ግን የኮስታሪካውን ባለ አምስት ኮሎን ነው። ጀርባው ላይ ዋና ከተማቸው ካለ ቲያትር ቤት ጣሪያ የተቀዳ ሥዕል አለ። ሴቶች ቡና ይለቅማሉ፣ የት? ባሕር ጠረፍ፣ መርከብ ከኋላቸው ቆሞ! መሐል ላይ አንድ ሰውዬ የሙዝ ዘለላ ታቅፏል፤ አያያዙን ላየው ሙዝ ነክቶ የሚያውቅ አይመስልም። ሠዓሊው ጣሊያን ነበር አሉ። ቡናን አሸዋ ላይ ያበቀለ ሰው፣ እሱ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ደስ የሚለኝ ስህተቱ ነው።

ኖቱ የኔ አልነበረም። ያዋሰኝ አጠገቤ የሚያሽግ የኮስታሪካ ሰው ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ትንሽ የቀረው፣ ቁጥብ ሰው። ከአገሩ ሲወጣ እናቱ ሰጥታው፣ ነጩ ጠርዝ ላይ በእስክርቢቶ «ለመንገድህ ምሳ» ብላ ጽፋበታለች። እንዲህ የተጻፈበትን ኖት ሰብሳቢ በነጻ ቢሰጡት አይወስድም። ለእሱ ግን ከእናቱ የእጅ ጽሑፍ የቀረው ይኸው ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ እየራበው እንኳ ሳይበላበት ቀርቷል። በአጉሊ መነጽር ልየው፣ ለአንድ ሳምንት አውሰኝ ብዬ ለመንኩት። ሦስት ሳምንት አቆየሁት። በጠየቀኝ ቁጥር «ውይ፣ ረሳሁት፣ ነገ» እለዋለሁ። አልረሳሁትም። ልለየው አልቻልኩም፣ በቃ።

በዚያ ሰሞን እናቴ ከደሴ መጥታ ፕሌኖ ከተማ፣ እኔ ቤት ነበረች። ኖቶቹን የማስቀምጥበትን አልበም ስገልጥ አጠገቤ ትቀመጣለች።

«ይኼ ሁሉ የማን ነው?» አለችኝ።

«የኔ።»

«ይኼም ባለ ሙዙ?»

«ሁሉም የኔ ነው፣ እማ።»

ጉራ ነው እንግዲህ። ካርቶን ስታሽግ የምትውል ልጇ የሆነች ነገር እንዳላት እንድታይልኝ ፈልጌ ነው።

አንድ ሐሙስ ሃይዌይ ላይ ትራክ ስፖኪዮዬን ገንጥሎት ሄደ። እኔ ተረፍኩ። እናቴ መኪናዬን ስታይ «ያ ረቢ!» ብላ ፓርኪንጉ ላይ ቁጭ አለች። በማግስቱ ጁምዓ ከጎረቤታችን ጋር መስጂድ ሄደች። ከሥራ ስገባ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ።

«ሰደቃ አውጥቼልሻለሁ» አለች። «ሰደቃ በላ ይመልሳል፣ መዓት ያርቃል።»

«ደግ አደረግሽ። ከየት አምጥተሽ?»

«ከዚያ ከደብተርሽ። ሰደቃ እኮ የሚወዱትን ነው፤ አንቺ ደግሞ ከሁሉ አብልጠሽ ባለ ሙዙን ስታዪ ነው የማይሽ።»

ሮጥኩ። አልበሙን ከፈትኩት፤ ቦታው ባዶ ነው።

«እማ፣ የሰው ነው እኮ!»

«የኔ ነው ብለሽኝ?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

ፊቷ እንዴት እንደጠቆረ አልረሳውም። ትራኩን እንኳ እንዲያ አልፈራችም። «የሰው ሐቅ!» አለች። «በዚህ ዕድሜዬ የሰው ሐቅ ተሸክሜ አሏህ ፊት ልቀርብ?» ሻሿን አንስታ ቀድማኝ ወጣች።

መስጂዱ ጋ ፓርክ አድርጌ ሳልጨርስ በሩን ከፍታ ወረደች። የሰደቃ ሳጥኑን የሚከፍቱትን ሽማግሌ አገኘናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ግንባራቸውን ያዙ።

«ባለ ሥዕል ወረቀት? አይቼዋለሁ። የሱቅ ኩፖን መስሎኝ ከባዶ ኤንቨሎፖቹ ጋር ጣልኩት፣ ልጄ። ምን ዓይነት ጣጣ ነው!»

ጓሮ ያለውን ገንዳ የቆሻሻ መኪናው ከሰዓት ገልብጦት ሄዷል። ባዶ መሆኑን እያየሁ አንገቴን አስገባሁ። እናቴ ከኋላዬ «አለ? አለ?» ትላለች። የለም።

«ባለቤቱን ሰኞ ሥራ ላይ እነግረዋለሁ» አልኩ።

«ሰኞ መድረሳችንን ማን ነገረሽ? አሁን ትወስጂኛለሽ።»

ወደ ሰውዬው ቤት፣ ፎርት ዎርዝ ነዳሁ። ትራክ ባየች ቁጥር የበሩን እጀታ ጨብጣ እንደሚሞት ሰው ሸሃዳ የምትል ሴትዮ ያን ቀን አንዱንም ዞር ብላ አላየችም። እኔ መሪው በላቤ እየተንሸራተተብኝ ምን እንደምለው አሰላስላለሁ። ተሰረቀ ልበለው? ጠፋብኝ? አጠገቤ እናቴ ባትኖር አንዱን መርጬ ነበር፣ ወላሂ።

በሩን ራሱ ከፈተልን። እኔን ሲያይ ፊቱ ፈካ። «አመጣሽው!» አለኝ።

እናቴ ምን እንዳለ ሳይገባት እጁን ለቀም አደረገችው። «አፉ በለኝ፣ ወንድሜ። ልጄን ከመኪና አደጋ አሏህ እንዲጠብቅልኝ ሰደቃ ሰጠሁት። የኔ ነው ብላኝ ነው እንጂ የሰው መሆኑን ባውቅ አልነካውም። ፈልገን አጣነው። አፉ በለኝ።»

ቃል በቃል ተረጎምኩለት። «የኔ ነው ብላኝ» የምትለዋን ልዘላት እችል ነበር፤ እናቴ በምን ታውቃለች? ግን አልዘለልኳትም። እየተንተባተብኩ ጨረስኩ።

ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ከዚያ የእናቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል፣ ድምፁን ሳይቀይር፣ በእንግሊዝኛ ለኔ ተናገረ።

«እሷን ይቅር ብያታለሁ። አንቺን ግን አላልኩም። ምን እንደሆነ ታውቂ ነበር።»

እናቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። «ምን አለ?»

«አፉ ብሎናል።»

«ሁለታችንንም?»

«ሁለታችንንም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። እንባዋን በሻሿ ጠርጋ፣ እዚያው በሩ ላይ መዳፏን ዘርግታ ትመርቀው ጀመር፦ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ ያጣኸውን ይተካልህ፣ ሐቅህን ከሰው ላይ አያስቀርብህ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። አንዱም አይገባውም።

«አሚን በይ እንጂ!» አለችኝ።

«አሚን» አልኩ፣ እየፈራሁ።