ማሻ የደረሰኝ ዓመት

መካነ ሰላም ገብቼ ሱቅ ከከፈትኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሚስማር፣ ጓጉንቸር፣ አካፋ፣ የበር ማጠፊያ እሸጣለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ከላላ ስለሆነ ሰዉ እስከ ዛሬ "የከላላው" ይለኛል። አይከፋኝም። ደንበኛ የሚያስታውሰው ስም ካለህ ማን እንዳወጣልህ አትመራመርም።

የእኛ ረድፍ ስምንት ሱቅ ነው። ስምንታችንም ከየአቅጣጫው የመጣን ነን፤ ከወግዲ፣ ከአቀስታ፣ ከማሻ፣ ከየት ከየት። ዓመቱን ሙሉ በሰላም እንነግዳለን። የአካባቢው ከተሞች የእግር ኳስ ውድድር ሲደርስ ግን ሁሉም የተወለደበት ትዝ ይለዋል። አገሩ ለለቅሶ እንኳ ሄዶ የማያውቅ ሰው በዚያ ሰሞን የአገሩን ግብ ጠባቂ እናት ስም ሳይቀር ይነግርሃል።

በእኔና በጎን ጎረቤቴ መሐል ቆርቆሮ የቆመችውም በኳስ ምክንያት ነው። ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በዕድሜ የሚበልጡኝ የማሻ ሴት። በረንዳችን አንድ ነበር። ጠዋት ሱቄን ስከፍት "አሰላሙ አለይኩም የከላላው፣ እንዴት አደርክ?" ይሉኛል። እኔም ማርያምን ተሳልሜ የመጣሁት ሰውዬ "ወአለይኩም ሰላም እትዬ፣ አልሐምዱሊላህ" እላለሁ። ቀኑ ቀን የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነበር። ታዲያ አንድ ዓመት ከላላ ማሻን ሦስት ለባዶ ሲያሸንፍ ምላሴ አመለጠኝ። ደንበኞቻቸው በተሰበሰቡበት "እትዬ፣ ማሻ ተጫዋች ከሚልክ ድንች ቢልክ አይሻልም? ድንች ቢያንስ ይንከባለላል" አልኩ። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። በማግስቱ ስመጣ በረንዳችን መሐል አሮጌ ቆርቆሮ ተተክሏል። ሚስማሩን ያስገዙት ከእኔው ሱቅ ነው፤ ሰው ልከው።

ቆርቆሮዋ ዓመት ቆመች። በዚያ ዓመት ሰላምታቸው በሚስማር ቀዳዳ እንኳ አላለፈልኝም። ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል። ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ግድግዳ ሰላም ልትል አፍህን ከፍተህ መልሰህ ስትዘጋው ግን ቀላል አይደለም።

የሚቀጥለው ውድድር ሲቃረብ የረድፉ አንጋፋ፣ ጨው የሚሸጡት ሽማግሌ፣ ሁላችንንም ከቆርቆሮዋ ወዲህና ወዲያ ሰበሰቡን።

"ዘንድሮ በትውልድ መደገፍ የለም" አሉ። "ስምንት ቡድን አለ፣ ስምንት ሱቅ አለ። እንደ ቅርጫ እንካፈለዋለን።"

ቅርጫን ማንም ያውቀዋል። በሬው ታርዶ እኩል እኩል ይመደባል፤ እያንዳንዱ ሰው ምልክቱን ይሰጣል፤ እንጨትም ይሁን ጠጠር። ማን ምን እንደሰጠ ያላየ ሰው ደግሞ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል። ምልክትህ ያረፈበት ሥጋ ያንተ ነው፤ አጥንት በዛብኝ አይባልም። ለበዓል የእስላሙ በሬ ለብቻ የክርስቲያኑም ለብቻ ስለሚታረድ ረድፋችን አንድ ላይ ቅርጫ ገብቶ አያውቅም ነበር። ኳስን ግን ባርኮ የሚያርደው የለም።

"የደረሰህን ቡድን በሙሉ ልብህ ትደግፋለህ" አሉ ሽማግሌው። "ሌላ ሲደግፍ የተያዘ፣ ወይ ዕጣውን ያጭበረበረ፣ የገበያ ቀን ሱቁን ዘግቶ ለረድፉ ሻይ ያመላልሳል።"

የገበያ ቀን ሱቅ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ ያውቃል። ከቆርቆሮዋ ማዶ የጨርቅ ነጋዴዋ ድምፅ መጣ። ለእኔ ሳይሆን ለሽማግሌው ነው የተናገሩት።

"ዕጣው በሐቅ ከሄደ፣ ሰዉም ቃሉን ከጠበቀ፣ ይህችን ቆርቆሮ አነሣታለሁ። ወላሂ አነሣታለሁ።"

እንግዲህ እኔ ሁለት ነገር ፈለግኩ። ቆርቆሮዋ እንድትነሣ ፈለግኩ፤ ከላላም እንዲደርሰኝ ፈለግኩ። የወንድሜ ልጅ ለከላላ ይሰለፋል፤ እንዴት ብዬ ሌላ እደግፋለሁ? ሁለቱንም በአንድ ኪሎ ስኳር ለመጨረስ አሰብኩ። ምልክት ጣይ ሆኖ የተመረጠው የረድፋችን ተሸካሚ ነበር፤ ኩንታል ተሸክሞ የማያለከልክ፣ ስኳር ሲያይ ግን የሚለሰልስ ጎልማሳ። ስኳሩን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁትና "ምልክቱ ከሚገባበት ቆብ ውስጥ ቁልፍ ታገኛለህ። ከላላ ላይ ጣለው" አልኩት።

"በዓይኔ" አለ።

በዕጣው ቀን የስምንቱ ከተሞች ስም በካርቶን ቁራጭ ላይ ተጽፎ በሽማግሌው የጨው ማዳበሪያ ላይ ተደረደረ። ተሸካሚው ጀርባውን ሰጠን። ሁላችንም ምልክታችንን በእጃችን ጨብጠን ቆብ ውስጥ ጣልን፤ እኔ የጣልኩት አንድ የዛገ የአሮጌ ሳጥን ቁልፍ ነው። አዲስ ቁልፍ ብሰጥ "ከሱቁ አምጥቶ" ብለው ይጠረጥሩኛል ብዬ።

ተሸካሚው ዞሮ ጀመረ። ጠጠር ወግዲ ላይ፣ አዝራር አቀስታ ላይ፣ የባቄላ ፍሬ መካነ ሰላም ላይ። ከዚያ እጁን ቆቡ ውስጥ እንደከተተ ቀረ። ብርድ በሚቆረጥምበት ጠዋት ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። እጁ ሲወጣ ሁለት ቁልፍ ይዟል፤ አንዱ የዛገ፣ አንዱ የሚያብለጨልጭ። እኔን አየ። ጨርቅ ነጋዴዋን አየ። ሰማይ አየ። ከዚያ የሚያብለጨልጨውን ከላላ ላይ፣ የዛገውን ማሻ ላይ አሳረፈ።

የሚያብለጨልጨው የጨርቅ ነጋዴዋ ነበር።

ምን ልበል? ተሳስቷል ብል በምን አወቅህ ልባል ነው። እሳቸውም ካርቶኑን አንሥተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ የማሻዋ ሴት ከላላ ሲደርሳቸው። ከዚያ ሳያጉረመርሙ መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠውት ሄዱ። በሆዴ፣ ወይ ጨዋነት፣ አልኩ።

የማሻ መለያ ቢጫ ነው። ቢጫ ጨርቅ ያለው ደግሞ ረድፉ ውስጥ አንድ ሱቅ ብቻ ነው። በቆርቆሮዋ አናት ላይ እጄን ዘርግቼ ጠየቅኩ። ጨርቁ ተጣጥፎ መጣ፤ ከጨርቁም ጋር የዓመቱ የመጀመሪያ ቃል።

"ይመጥንሃል። እንዳታቆሽሸው።"

በመጀመሪያው የማሻ ጨዋታ አንገቴ ላይ ቢጫ ጠምጥሜ እንደ ሐዘንተኛ ቆምኩ። ሽማግሌው ከጎኔ ናቸው፤ የደረሳቸው ቡድን ገና በመጀመሪያው ቀን ስለወደቀ ሥራቸው እኛን መጠበቅ ሆኗል። "የከላላው፣ ጉሮሮህን ብርድ መታው እንዴ?" ይሉኛል። እጮኻለሁ። እንደ ነጋዴ ነው የጮኽኩት። አንድ ዕቃ መደርደሪያህ ላይ ከተቀመጠ በኋላ እኮ ሳትወደውም ታሞግሰዋለህ፤ ሥራህ ነው። ማሻ አንድ ሰባት ቁጥር ግራኝ አለው፤ የጫማው ማሰሪያ የማዳበሪያ ክር የሆነ ቀጭን ልጅ። "እዩት ይሄን ልጅ! ከየት ይገኛል እንዲህ ያለ?" እያልኩ ለአጠገቤ ሰው ሳሞግስ፣ ሳሞግስ፣ ልጁ ኳሷን በሁለት ሰው መሐል አሾልኮ አገባት። ዘልዬ የማላውቀውን ሰውዬ አቅፌ አገኘሁት። ሽማግሌው በጎን አዩኝና "ተሻለህ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ማንን እያታለልኩ እንደሆነ ጠፋኝ። በቀጣዩ ጨዋታ ሱቄን ቀደም ብዬ ዘጋሁ። ሰባት ቁጥር ቁርጭምጭሚቱን ታሟል ሲሉኝ የምበላው አልዋጥልህ አለኝ። ከቆርቆሮዋ ማዶ ደግሞ ጨርቅ ነጋዴዋ ለደንበኛ ሲናገሩ እሰማለሁ፤ "የከላላ ተከላካይ እኮ ግንብ ነው፣ ግንብ።" ግንቡ የወንድሜ ልጅ ነው። እኔ እንኳ እንደዚያ ብዬ አሞግሼው አላውቅም።

ለዋንጫው ከላላና ማሻ ተገናኙ።

በዚያን ቀን ከከላላ ሰው በአይሱዙም በበቅሎም ጎረፈ። የሜዳው መስመር በኖራ ተሰምሯል፤ ዳር ዳሩ ላይ ሰው በሰው ላይ ነው፤ ከወዲህ ቢጫ፣ ከወዲያ የከላላው ቀይ። ጨርቅ ነጋዴዋ ከቀዮቹ መሐል ቀይ ሻሽ አስረው ቆመዋል። ገና ጨዋታው ሳይሞቅ የከላላው አጥቂ ከሩቅ መታና አገባ። ልቤ ምን እንዳደረገ እንጃ፤ ፊቴን ግን ሽማግሌው እየተመለከቱት ስለነበር ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ለዕረፍት ሲወጡ ታላቅ ወንድሜ ሜዳውን አቋርጦ መጣ። አንገቴን አየ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ማሻ ነው ጋሼ።"

"ማሻ መሆኑን አየሁ። አንገትህ ላይ ምን ይሠራል?"

"በዕጣ ደረሰኝ።"

"ልጄ እዚያ እየሮጠ አንተ በዕጣ?" ወደ ሽማግሌው ዞረ። "አባባ፣ ይሄ ነገር መድኃኒት የለውም?"

"አብሽር" አሉት ሽማግሌው። "ውድድሩ ሲያልቅ ይለቀዋል።"

ወንድሜ ትከሻዬን ያዘኝ። "ና፣ ከእኛ ጋር ቁም። ማን ያይሃል?"

"አልችልም ጋሼ። ቃል ነው" አልኩት። በስኳር የተገዛ ቃል መሆኑን አልነገርኩትም። ወንድሜ እያጉረመረመ ተመለሰ።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ጉሙ መጣ። አገራችንን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከገደሉ ቀስ ብሎ ይወጣና ድንገት ሁሉን ነገር ይውጣል። የማዶው ግብ ጠፋ። ቀዮቹ ጠፉ። ዳኛው ኳሷ እስከታየችኝ ድረስ አላቆምም አለ። እኛ ፊት ያለው ግብ ብቻ እንደ ጥላ ይታየናል፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ ሰባት ቁጥር በማዳበሪያ ክር የታሰረ ጫማውን ተጫምቶ ብቅ አለ። ግንቡ፣ የወንድሜ ልጅ፣ ፊቱ ቆመ። ልጁ ወደ ግራ ያየ መስሎ ወደ ቀኝ ሄደ። ግንቡ ተቀመጠ። አንድ ለአንድ!

ጋቢዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። የወንድሜ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ እኔ እየዘለልኩ ነበር።

ከዚያ ጉሙ ጭራሽ ወፈረ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ እንኳ ድምፅ ብቻ ሆኑ። ኳሷ ወደ ማዶ እንደሄደች በጩኸቱ እናውቃለን እንጂ አናያትም። ጩኸቱ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ከዚያ ቀጥ፤ ማዶም ኳሷ መግባት አለመግባቷን በጉሙ ውስጥ እስኪለዩ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ እልልታ ብቻውን ተነሣ። ለይቼ አወቅኩት፤ ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረውን የጠዋት ሰላምታዬን ድምፅ እንዴት አጣዋለሁ? ጨርቅ ነጋዴዋ ናቸው። ከላላ አግብቷል።

ማንም አላየኝም። ሽማግሌውም፣ ወንድሜም፣ ማንም። እንደልቤ መደሰት እችል ነበር፤ የትውልድ አገሬ ዋንጫ ወሰደ፣ የወንድሜ ልጅ ዋንጫ ወሰደ። ደስታው የት አለ ብዬ ፈለግኩት። ያገኘሁት የማዳበሪያ ክር ያሰረውን ልጅ ነው፤ ይሄኔ ምን እየሆነ ይሆን ብዬ። ቢጫውን ጨርቅ ከአንገቴ ፈትቼ፣ ማሰሬን ለማንም ማሳየት ሳይኖርብኝ፣ መልሼ አሰርኩት።

ፊሽካው ተነፋ። ጉሙ ሲገፈፍ ሽማግሌው ስምንታችንንም ሜዳው ዳር አቆሙን። ወንድሜ ልጁን አቅፎ መጥቷል። ተሸካሚውም ከኋላ ቆሟል።

"እነዚህን ሁለቱን እዩ" አሉ ሽማግሌው፣ እኔንና ጨርቅ ነጋዴዋን በዱላቸው እያመለከቱ። "እሱ የከላላ ልጅ ለማሻ አንጀቱ ሲቃጠል፣ እሳቸው የማሻ ልጅ ለከላላ እልል ሲሉ። ዕጣ በሐቅ ሲወጣ እንዲህ ነው። ዛሬ ቆርቆሮዋ ትነሣለች።"

የፈለግኩት ይኸው እጄ ገባ። ዝም ብል አለቀ። ጨርቅ ነጋዴዋን አየኋቸው፤ እሳቸው መሬት መሬት ነው የሚያዩት። ዓመት ሙሉ ያላየኋቸውን ያህል አየኋቸውና "አባባ" አልኩ፣ "ዕጣው በሐቅ አልወጣም። አጭበርብሬያለሁ። ቁልፉን ከላላ ላይ ጣልልኝ ብዬ ለዚህ ሰውዬ ስኳር ሰጥቼዋለሁ።"

ሁሉም ወደ ተሸካሚው ዞረ። ጨርቅ ነጋዴዋ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

"ስንት ኪሎ?" አሉኝ።

"አንድ።"

"እኔ ሁለት ነው የሰጠሁት። ማሻ ላይ ጣለው ብዬ።"

ተሸካሚው ሁለት እጁን ዘረጋ። "ምን ላድርግ? ሁለታችሁም ቁልፍ አላችሁ። ቁልፍ ሻጩ እሱ ነው፤ አዲሱ የእሱ ነው ብዬ ነዋ።"

"አዲሱን እኮ ከእሱ የገዛሁት ነው" አሉ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ ቀይ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያለቀሱ መስሎኝ ነበር። እየሳቁ ነው። ወንድሜ "ስለዚህ እኔን በስኳር ነው የካድከኝ" አለና እሱም ሳቀ። ያልሳቁት ሽማግሌው ብቻ ናቸው።

"የገበያ ቀን" አሉ። "ሁለታችሁም።"

በገበያው ቀን ሁለት ሱቅ ተዘግቶ ዋለ። በረንዳው ላይ እሳቸው ይቀዳሉ፣ እኔ አመላልሳለሁ። ደንበኞቼ አካፋ ፈልገው መጥተው ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። የማሻ ሰዎች ሲያልፉ ቢጫዬን አይተው "የእኛው!" ይሉኛል፤ ስኳሩን እጨምርላቸዋለሁ። ስኳሩ ተሸካሚው የመለሰው ነው፤ ከሦስት ኪሎ ላይ ያልበላው።

ቆርቆሮዋ ግን እንደቆመች ነበር። እሳቸው አነሣለሁ ያሉት ዕጣው በሐቅ ከሄደ ነው፤ ወላሂ ብለውበታል። እኔም አልጠየቅኩም። እየዞርኩ ሳመላልስ አንድ ብርጭቆ ጫፏ ላይ ተመታና ተሰበረ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ጨርቅ ነጋዴዋ ስብርባሪውን አዩ፣ ቆርቆሮዋን አዩ።

"ለመሆኑ" አሉኝ፣ "ሚስማር መንቀያ ትሸጣለህ?"

"ሱቄ ዛሬ ዝግ ነው እትዬ።"

"እንግዲያው አውሰኝ።"