ስድስቱ ፖስት ካርዶች

ሰፈሩ «ዟሪው» ይለዋል። በሙያው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካላችሁ ጥሩት፤ ይመጣል፣ መፍቻውን ያወጣል፣ ስለ ዛገ ቱቦ ከጠየቃችሁት ወሬው አያልቅም። ነገር ግን «ዓለምን ዞረሃል አሉ፣ እስቲ አጫውተን» ያላችሁት እንደሆነ ዓይኑን ጫማው ላይ ይተክልና «ኧረ እኔ ምን አየሁ» ብሎ ሥራውን ያፋጥናል። የማያውቁት ሰዎች ትሕትና ይመስላቸዋል። ትሕትና አይደለም፣ ኀፍረት ነው፤ ሁለቱ ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ።

በሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ስልክ እንዲህ በየኪሱ ባልነበረበት ጊዜ፣ ወገቡን የሚያጎብጥ ሻንጣ ጀርባው ላይ አዝሎ ከቤት ወጣ። ሻንጣውን ከወፍራም ሸራ የሰፋችለት ታላቅ እህቱ ናት። እሷ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አባታቸው ከሞተ ጀምሮ እሱንም እናታቸውንም በአንዲት የእግር ስፌት መኪና ቀጥ አድርጋ የያዘች። ጎረቤቱ ሁሉ «ሁለት ሴት ጥለህ የት ነው?» ሲለው እሷ ግን «ይሂድ! ከኛ ቤት አንድ ሰው እንኳን አገር ይይ» አለች። እናታቸውም ግንባሩን ስማ ሸኘችው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ይህን ማንም ሊወስድበት አይገባም። ከሦስት የማያውቃቸው ሰዎች ጋር በአንድ ገመድ ታስሮ በረዶ ተሻግሯል። የባሕር ዳርቻ ይዞ፣ ውኃ የቋጠረ ተረከዙን በመርፌ እየበሳ፣ ዘጠኝ ቀን በእግሩ ሄዷል። አራት መቶ ምናምን ደረጃ ያለው የደወል ማማ እያለከለከ ወጥቶ፣ አናቱ ላይ ሲደርስ ጭጋግ ወርዶበት፣ ነጭ ነገር ብቻ አይቶ ተመልሷል። አሥራ ሁለት አልጋ በታጨቀበት ክፍል ከላይኛው አልጋ ተኝቶ፣ ከሥሩ የሚያንኮራፋውን ሰው ሲረግም አድሯል። ኪሱ ሲራቆት ፍሬ ለቅሟል፣ ሳህን አጥቧል።

ይህን ሁሉ በፖስት ካርድ ይጽፍ ነበር። እህቱ ካርዶቹን ከመስፊያ መኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ በስፒል ትሰካቸዋለች፤ ልብስ ሊለካ የመጣ ሰው ሳያነብ አይወጣም። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ፖስተኛውን ባየ ቁጥር «ልጃችን ዛሬ የት ደረሰ?» እያለ ይሻገራል። እናትየው ዓይኗ ስለደከመ ልጇ የጻፈውን በሴት ልጇ አፍ ትሰማና ሥዕሉን በጣቷ ትዳብሳለች። ሰፈሩ በሙሉ በሱ እግር ይሄድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መልሱ የሚደርሰው እንዲህ ነበር። በየካርዱ ግርጌ ቀጥሎ የሚሄድበትን ከተማ ይጽፋል። እህቱ ደብዳቤዋን ወደዚያ ከተማ ዋና ፖስታ ቤት በስሙ ትልካለች። ፖስታ ቤቱም መታወቂያውን ይዞ እስኪመጣ ያስቀምጥለታል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ የሚሠራው ግን ሰውየው እመጣለሁ ባለበት ከመጣ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱ ዞረበት። እያነከሰ ባሕር አጠገብ ያለ የተጓዦች ማደሪያ ገባ። ሐኪሙ አንድ ወር እረፍ አለው። ወሩ አለቀ፣ ጉልበቱ ዳነ፣ እሱ ግን አልተነሣም። ባሕሩ ይሞቃል፤ የማደሪያውን ሳህን ማጠብ አይከብድም፤ ከሰዓት በኋላ አሸዋው ላይ ጋደም ማለት አለ። በዚህ ማን ይፈርድበታል? ሰው ይደክመዋል። «ደክሞኛል» ብሎ ቢጽፍ እህቱ «እሰይ፣ አረፍ በል» ባለችው ነበር። እሱ ግን በስድስት ወር ስድስት አገር እንደሚያይ፣ ታላቁንም ተራራ እንደሚወጣ አስቀድሞ በካርድ አስነግሯል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሱን ፈራ።

በማደሪያው መተላለፊያ ላይ ተጓዦች የተረፋቸውን የሚጥሉበት ካርቶን ነበረ፤ ግማሽ ሳሙና፣ ነጠላ ካልሲ፣ ከየአገሩ ተገዝተው ያልተጻፈባቸው ፖስት ካርዶች። አንድ ቀን ልብሱን አጥቦ ካሰጣ በኋላ ከካርቶኑ ስድስት ካርድ መርጦ ቁጭ አለ። ስድስቱንም ጻፋቸው። ሁሉም «እትዬ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ አንብቤ በጣም ደስ ብሎኛል» ብለው ይጀምራሉ፤ ሁሉም «እማዬን ሳሚልኝ» ብለው ያበቃሉ፤ መሃል ላይ የየአገሩ ጉድ ገብቶበታል። በሁለተኛው ካርድ ታላቁን ተራራ ወጣ። «ደመናው ከእግሬ በታች ነው። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም» አለ፣ የውስጥ ሱሪው ፊት ለፊቱ ገመድ ላይ እየተወዛወዘ።

ከዚያ ካርዶቹን ወደየከተሞቹ ለሚሄዱ ተጓዦች አከፋፈለ። «በዚህ ወር፣ እዚህ ከተማ ስትደርሱ ቴምብር ለጥፋችሁ ጣሉልኝ» አላቸው። የመንገድ ወዳጅ ቃሉን አይጠብቅም ይባላል። እነዚህ ስድስቱ ጠበቁ።

ወራቱ አልፈው፣ ባሕሩም ሰልችቶት፣ አንድ ጠዋት ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ ሰፈሩ ገባ። ሻንጣው ጀርባው ላይ ነው፤ የሚያወራውንም መንገድ ላይ አሳምሮ ጨርሷል። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ወንበር ላይ ትቶ፣ መቀሱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼ! እንደምን ከረሙ!»

«መጣህ?»

«መጣሁ፣ እግዜር ይመስገን።»

«አሁን ነው እንዴ የሚመጣው? እናትህ ከተቀበረች አራተኛ ወሯ እኮ ነው። እህትህ ያንን መርዶ ስትጽፍልህ እንባዋ ወረቀቱን እያበላሸባት ሦስት ቀን ፈጅቶባታል። አንተ ምን ብለህ መለስክ? ‹ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ በጣም ደስ ብሎኛል!› ከዚያ ደግሞ ‹ሳሚልኝ!›» ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «ልጄ፣ እኔ ሰው አልሰድብም። ደንበኛ አለብኝ» ብሎ ገባ።

የእናቱን ሞትና የካርዱን ሥራ በአንድ ትንፋሽ ሰማ። የትኛው ቀድሞ እንደወጋው ብትጠይቁት አይነግራችሁም። እኔ ልንገራችሁ። ቀድሞ የመጣበት ሐሳብ እናቱ አይደለችም፤ «ነቅተውብኝ ይሆን?» የሚል ነው። እናቱ ሞታ ሰው ስለ ራሱ ያስባል? ያስባል። እናቱን ያስታወሰው አሥር እርምጃ ያህል ከሄደ በኋላ ነው፤ ያኔ አጥር ተደግፎ አለቀሰ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ቤት ሲገባ የእናቱ አልጋ የለም፤ በቦታው የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ቆሟል። እህቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ሲረጋጉ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ደብዳቤዬ ደርሶህ ነበር?»

«አልደረሰኝም» ቢል ያኔውኑ ይገላገል ነበር። ግን «ታዲያ ደርሶኛል ያልከኝ ምንድን ነው?» ማለቷ አይቀርም፤ ከዚያ ስድስቱም አገር፣ ተራራውም፣ ደመናውም ከግድግዳው ላይ ይረግፋሉ። ቀና ብሎ አየ። ካርዶቹ በተራ በተራ እንደተሰኩ ናቸው።

«ደርሶኝ ነበር» አላት። «ደንግጬ ነው፣ እትዬ። እጄ የጻፈውን አላውቅም።»

«ብያለሁ!» አለች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «ለሰው ሁሉ ብያለሁ። ወንድሜ ጨካኝ አይደለም፣ መሞቷን ማመን አቅቶት ነው ብያለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቱ ጠበቃው ሆነች። አጎታቸው፣ የእናታቸው ታናሽ ወንድም፣ አናጢ ነው፤ ምስማር ሲመታም ሆነ ሲናገር ሁለት ጊዜ አያነሣም። በማግሥቱ መጥቶ ካርዱ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

«‹ሳሚልኝ› ይላል? ማንን ነው የምትስመው? አፈሩን?»

«አጎቴ፣ ይተዉት። በድንጋጤ ነው። ሰው አእምሮውን ሲስት እንዲህ ያደርገዋል። በእማዬ አፈር ይዤዎታለሁ!»

እሱ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አጎትየው «አንቺን ብዬ ነው» አለና እጁን ሳይሰጠው ወጣ። ሌሎቹ ጎረቤቶች ግን ቀስ በቀስ አመኗት፤ እሷን የማያምን ሰው ሰፈሩ ውስጥ አልነበረምና። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ አንድ ቀን ጠርቶ በነፃ ፀጉሩን ቆረጠው፣ «ይቅር በለኝ፣ ሐዘን መሆኑን አላወቅሁም» አለው። ወንበሩ ላይ ጨርቅ አንገቱ ዙሪያ ታስሮለት፣ መስተዋቱ ውስጥ የገዛ ፊቱን እያየ፣ ያንን ይቅርታ ተቀበለ። ይህን ሲያስብ ዛሬም ጆሮው ይግላል።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። ይህን ያለው ሰው ውሸቱን በራሱ ትከሻ የተሸከመ መሆን አለበት። የሱን ግን እህቱ ነበረች የተሸከመችለት፤ ባላወቀችው ነገር እየማለች ስትከራከርለት ሲሰማ ከገበታው ይነሣ ነበር። ነገ እነግራታለሁ ይላል፤ ነገ ይመጣል፤ ገበያተኛ ይመጣል፤ ሌላ ነገ ይሆናል። እንዲህ እያለ ሁለት ወር ሄደ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፖስተኛው በሩ ላይ ቆመ። እህቱ መኪናዋ ላይ ናት፤ እሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ የቱቦ ዝገት ይፍቃል።

«ይሄ ከውጭ ተመልሶ የመጣ ነው» አላት ፖስተኛው። «የራስሽ ጽሕፈት ነው። ባለቤቱ ቀርቦ አልወሰደውም ይላል ማኅተሙ።»

ተቀበለችው። ገለባበጠችው። ሙጫው እንደታሸገ ነው። ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ወደምትሰፋው እጅጌ ተመለሰች። እጅጌውን ጨርሳ ኮሌታ ጀመረች። በሠላሳ ዓመት ስፌቷ ተጣሞባት የማያውቅ ሴት ያንን ኮሌታ ሰፍታ ፈታችው፤ እንደገና ሰፍታ እንደገና ፈታችው። ሦስተኛ ጊዜ መፍታት ስትጀምር አላስቻለውም።

«እትዬ… እዚያ ከተማ አልሄድኩም።»

መኪናው ቆመ።

«የትኛው?»

«ስድስቱም ጋ አልሄድኩም። ተራራውንም አልወጣሁም። ደብዳቤሽንም ዓይኔ አላየውም። አንድ ባሕር አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳህን ሳጥብ ነበር። ካርዶቹን ጽፌ እንዲጥሉልኝ ለሰው ሰጠሁ።»

«ባንድ ጊዜ ነው የጻፍካቸው?»

«ባንድ ጊዜ።»

«ምን ያህል ፈጀብህ?»

ጥፊ ቢሆን ይሻለው ነበር። «ልብስ አጥቤ…» አለ። «እሱ እስኪደርቅ።»

የወገብ ልክ የነገሯት ይመስል በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ መቀሷን ከፖስታው ጋር ወደሱ ገፋችው።

«ክፈተው። ያንተ ነው። ጮክ ብለህ አንብበው።»

ከፈተው። ቀለሙ እዚህም እዚያም በእንባ ፈስሷል።

«‹ወንድሜ ሆይ፣ ይህን በምን አፌ እንደምነግርህ አላውቅም። እማዬ ማክሰኞ ጠዋት አርፋለች። ሕመሟ የጀመራት ካርድህ ከመምጣቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ነው። ቴሌግራም ልኬ ይምጣ ልበል ብዬ ተነሥቼ ነበር። ጫማዬን አድርጌ ልወጣ ስል ከተራራው ላይ የጻፍከው ደረሰ። አነበብኩላት። ደግመሽ አንብቢልኝ አለች፣ ደገምኩላት። ከዚያ…›»

እዚህ ላይ ማንበቡን አቆመ። ዓይኑ የሚቀጥለውን መስመር አይቶታል፤ አፉ እምቢ አለ። እህቱ ወረቀቱን አላየችም። በቃሏ ጨረሰችው።

«‹ከዚያ፣ ጫማሽን አውልቂ አለችኝ። ልጄ በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም እያለ ከዚያ ላይ የማወርደው እኔ ነኝ? ተዪው፣ ይይ፣ አለችኝ። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ቆየች። በር በተንኳኳ ቁጥር ግን ቀና ትል ነበር።›»

ቱቦው ከጭኑ ላይ ተንከባሎ ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም። «ይቅር በይኝ» ሊላት ፈለገ፤ ቃሉ ግን ለዚህ ነገር አነሰበት።

«እኔ በእማዬ አፈር ምዬልሃለሁ» አለች እህቱ። አልጮኸችም። «አሁን ሂድና ለአጎታችን አንተው ንገረው። ከዚያ ማዶ ተሻገር። ከዚያ በየቤቱ ሂድ። እኔ ደጅ ለደጅ እየዞርኩ እንደዋሸሁ አልቀርም።»

ኮሌታውን መኪናው ሥር አስገብታ መስፋት ጀመረች። እሱ ደብዳቤውን እንደያዘ ወጣ። የአጎታቸው ቤት አራት በር አለፍ ብሎ ነው። አጎትየው መዶሻውን ይዞ ከፈተና በሩ ላይ ተገትሮ «ምን ፈለግህ?» አለው።

«እህቴ የነገረችዎት ሁሉ እውነት አይደለም፤ ዋሽቼ ያስዋሸኋት እኔ ነኝ» ብሎ ጀመረ፣ ግባ ሳይባል፣ ደጅ ላይ እንደቆመ።