የሶላንዥ አሮጌ ወይን

ጎረቤቴ ሶላንዥ ዴፑዦል ወይን መግረዝ የጀመረችው ከሠርጓ ማግስት ነው። እኛ ፈረንሳይ፣ በወይን አገሩ በሜዶክ፣ ሠራተኛ የራሱ ማሳ ይሰጠዋል፤ ከመግረዝ እስከ ፍሬ ለቀማ ሌላ ሰው አይነካበትም። ለእሷና ለባሏ የደረሳቸው ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ያለው ጠጠራም መሬት ነበር። ባሏም እዚያው ሲገርዝ ወድቆ ሞተ። የምንሠራበት የሻቶ ሉርሚያክ ግቢ ቀይ ወይን ጠጅ ስሙ የገነነው በዚያ ማሳ ነው፤ ያረጀ ግንድ ፍሬው ጥቂት ቢሆንም ጣዕሙ ሌላ ነው።

የድሮዎቹ ባለቤቶች ኩራተኞች ነበሩ፣ ሰላምታ እንኳ ይከብዳቸዋል። ቃላቸውን ግን አያጥፉም። ወራሾቹ እርስ በርስ ተጣልተው ግቢውን ለኢንሹራንስ ድርጅት ሸጡትና ሙስዬ ታቬርኒዬ የሚባል ሥራ አስኪያጅ ከፓሪስ መጣብን። ገና ሳይከርም «ያ ማሳ ምርቱ አነሰ፣ ይነቀላል» አለ።

በእኛ ግቢ ለቀማው ሲያልቅ አንጋፋዋ ለቃሚ ለጌታው እቅፍ አበባ ትሰጣለች። አበባውን ይዞ የተጠየቀውን እምቢ ማለት ነውር ነው። ሶላንዥ በድግሱ ቀን አበባውን አስያዘችውና «ሙስዬ፣ እኔ እስክሞት ማሳዬን አይንኩብኝ» አለችው።

«ምን ችግር አለው ማዳም፤ ይልቅ ወደ ካሜራው ይዩ።»

ጥር ላይ ነቀሉት። እሷ ታማ ተኝታ ሳለ በትራክተር ገለባበጡት። ሄዳ ብትጠይቀው «ማዳም፣ ያ እኮ የድግስ ወሬ ነው» አላት። የድግስ ወሬ! አፈር ያስበላውና።

ይባስ ብሎ በጸደይ ያችኑ የድግሱን ቀን ፎቶ አሳድጎ ወይን ጠጅ የሚቀመስበት ክፍል ሰቀላት። ከሥሩ «አሮጌው ወይናችን ዛሬም በእሷ እጅ ነው» ይላል። ሄጄ ነገርኳት።

«ሰርዥ፣ ቦቲዬን አቀብለኝ» አለችኝ።

ስንገባ ታቬርኒዬ ብርጭቆ ለያዙ እንግዶች ስለ እሷው እያወራ ነበር። ደንገጥ አለና፣ ዓይነ ደረቅ፣ «ይኸው ራሷ መጣች» ብሎ ፈገግ አለ።

«ማሳዬን ማየት የሚፈልግ ይከተለኝ» አለች።

ብርጭቋቸውን እንደያዙ ተከተሏት። እሱ «ማዳም፣ ጭቃ ነው፣ ኧረ ይተዉት» እያለ ከኋላ ይለምናል። ከጸሎት ቤቱ ጀርባ የተገለበጠ አፈር ብቻ ነው ያለው። ሶላንዥ መሃሉ ላይ ቆመች።

«ባሌ የሞተው እዚህ ነው። የያዛችሁት ከዚህ የወጣ ነው፤ ከእንግዲህ ምንም አይወጣም። በሉ ጠጡ» አለቻቸው።

አንዱም ብርጭቆውን ወደ አፉ አላነሳም።