አሸዋዋ ተኛ

ልብስ የማሰጣበት ቀርከሃ ዝናብ ሲነካው አሁንም ወንዝ ወንዝ ይሸታል። በጋለ ብረት የተተኮሱትን ሦስት ምልክቶች ያየ እንግዳ ሁሉ «ምንድን ናቸው?» ይለኛል። ጉልበት፣ ወገብ፣ አንገት ናቸው። እዚያ መሻገሪያችን ላይ ዓባይ የሚለካው በእነሱ ነበር፤ መሐንዲሱ እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

እናቴን ወባ ጥሏት ወደ ማዶ ጤና ጣቢያ የተሻገርን ቀን አዲሷን የሞተር ጀልባ ሊሞክር መጥቶ ነበር። ጫማው ያብረቀርቃል፣ ካርታው በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ዕውቀቱም እንደ ካርታው፣ ውሃ ነክቶት አያውቅም። ጀልባ ነጂው የበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌ ነበሩ። ከፊት ቆመው ቀርከሃቸውን ነከር፣ ወጣ አደረጉና እጃቸውን አነሱ።

«ጌታዬ፣ በዚህ አይሆንም። ትናንት አሸዋ እዚያ ነበረች። ዛሬ ተነሳ፣ መጣች፣ እዚህ ተኛ።»

መሐንዲሱ በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው፣ «አሸዋህ ወንድ ነው ሴት? መጀመሪያ እሱን ወስንና ታስረዳኛለህ!» አላቸው።

ጀልባው ሙሉ ሳቀ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ የሰፋሪ ልጅ፣ አፌን በአማርኛ ስለፈታሁ ብቻ የምኮራ ባዶ ቅል።

መሐንዲሱ በካርታው መንገድ ቀጥሉ ብሎ ጥቂት እንደሄድን ከጀልባዋ ሥር «ክርርር» አለ። ሞተሩ ጭቃ ተፋና ዝም አለ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እናቴ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ውሃ ትለምናለች፤ ያ ጉድ ካርታውን ያገላብጣል፣ አሸዋው ከወረቀቱ ላይ የሚራገፍ ይመስል!

ሽማግሌው ሱሪያቸውን ሰብስበው ወረዱ። «ሁሉም ይውረድ። እሷ ትቅር» አሉ፣ እናቴን እያሳዩ። ከዚያ ወደ መሐንዲሱ ዞረው፣ «አንተም ውረድ ጌታዬ። ወንድ ነው? ሴት ናት? እግርህ ይጠይቃት።»

ያ የሚያብረቀርቅ ጫማ ሲሰምጥ ሳይ የተሰማኝ ደስታ ዛሬም አልበረደም። ቀርከሃው እየመራን ጀልባዋን ጎትተን አወጣናት። እናቴም ለመርፌው ደረሰች።

በሳምንቱ የመሐንዲሱ ሪፖርት መጣ። «ነጂው በአማርኛ በግልጽ አላስጠነቀቀም» ይላል። ከቀበሌ የመጣው ሰው፣ «ሽማግሌው ሲናገሩ የገባው አለ?» ብሎ ጠየቀን። ገብቶኝ ነበር እኮ፤ ሳይገባኝ በምን ሳቅሁ? ግን የሳቀ ሰው ምን አፍ አለው? አንገቴን ደፋሁ። ከሥራ አስወጧቸው።

ሊሄዱ ሲሉ ቀርከሃውን በደጃችን አቆሙት። «ያ ቢንት» አሉኝ፤ በዓረብኛ «አንቺ ልጅ» ማለታቸው ነው። «እናትሽ ዳነ?»

«ዳነች» አልኩ።

«እሱ ይበቃል።»

ያ አሸዋ አሁን ግድቡ የፈጠረው ሐይቅ ሥር ነው፤ ሦስቱም ምልክቶች አይደርሱበትም። ይህን ስተርክ ልጆቼ «እማዬ፣ ተኛች ነው የሚባለው» እያሉ ያርሙኛል። ይሳቁብኝ። እኔ ተኛ ነው የምለው።