ባለ አራት ጎማዋ ቃሬዛ

ትናንት ወንዝ ወርጄ ሞተሬን ሳጥብ አንድ የወልድያ ነጋዴ ቆሞ አያትና «ይችን ከዚያ ሁሉ ዘረፋ እንዴት አተረፍሻት?» አለኝ። ሳቅኩና ማጠቤን ቀጠልኩ... ቆሞ የሚያልቅ ጨዋታ አይደለማ። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ሞተሯ ባለ አራት ጎማ ናት። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት መርሳ ዙሪያ ላለው የሽንኩርት ማሳዬ ብዬ የገዛኋት ናት። ሰፈርተኛው «ባጃጅ ናት ትራክተር?» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። እኔ እቴ! ሽንኩርቱን ገበያ አድርሼ ስመለስ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ሻሼን ነፋስ እየወሰደው እነዳታለሁ። ሥራ ነው እላለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ጨዋታ ነበር።

ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ የማሽላ አገዳ ክምር ውስጥ ደበቅኳት። ታጣቂዎቹ ጎማ ያለውን ነገር ሁሉ ይወስዱ ነበር። አንድ ቀን እጄን ሰድጄ ብዳስሳት፣ መቀመጫዋ ላይ ዶሮዬ እንቁላል ጥላለች... ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ አባቴ በወባ ወደቀ። ይቃዥ ጀመር፤ ጤና ጣቢያው ተዘግቷል። ውርጌሳ አቅራቢያ መድኃኒት ደብቃ ያቆየች ጡረተኛ ነርስ አለች ተባለ።

በደህናው ጊዜ ቢሆን ችግር አልነበረም። እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም ቅሬው፣ የሰፈሩ እድር ማለት ነው፣ ይጠራል፤ ወንዱ ሁሉ ወጥቶ በሽተኛውን በቃሬዛ እየተቀባበለ ይሸከማል። መንገድ ላይ የተገኘ እንግዳ እንኳ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። የቀረ ይቀጣል፤ ቀጪው ደግሞ ያው የቅሬው ዳኛ፣ አባቴ ነው። አሁን ግን ወንዶቹ ወደ ተራራው ሸሽተዋል። ቃሬዛው አለ፣ ትከሻ የለም።

ጧት ጉሙ መሬት ለመሬት ተኝቶ ነበር። አገዳውን አነሳሁ። አባቴን ከኋላዬ አስቀመጥኩና ልጅ እንደማዝል በመቀነት ከወገቤ ጋር አሰርኩት። ትኩሳቱ በቀሚሴ አልፎ ጀርባዬን ያቃጥለኛል። ሞተሯ ትንሽ ቤንዚን ነበራት፤ ግን አላስነሳኋትም። ድምጿ ታጣቂዎቹን ከዋናው መንገድ ይጠራቸዋል። በፍሪ ማርሽ ቁልቁለቱን ለቀቅኳት።

ወዳጆቼ... እንደዚያ ነድቼ አላውቅም። ድምፅ የሚባል የለም። ጎማው ጤዛውን ሲረግጥ ብቻ ሽሽሽ ይላል። ያልታጨደው ማሽላ ከግራ ከቀኝ ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። ሰማይ ላይ ልሁን መሬት ላይ አልለየሁትም። አባቴ ጆሮዬ ሥር፣ ከሞተች የቆየችውን እናቴን ያጫውታታል። «አብሽሪ፣ ደርሰናል» ይላታል። ፈራሁ... ደግሞም ይኼ መንገድ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ።

ቁልቁለቱ ጅረቱ ጋ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው። የመጣው ይምጣ፣ ላስነሳት ብዬ ቁልፉን ስይዝ፣ ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ታጣቂዎች ከጉሙ ውስጥ ወጡ።

«ውረጂ!» አለኝ ጢማሙ፣ አለቃቸው መሰለኝ።

«አባቴ ታሟል።»

«ቤንዚን አላት?»

«የላትም» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ወላሂ ግን አላልኩም።

እጁን ወደ ቁልፉ ሲሰድድ አባቴ ከጀርባዬ ቀና አለ። ዓይኑ ተከፍቷል፣ የሚያየው ግን እነሱን አይደለም። ዕድሜ ልኩን ቃሬዛ ሲያስነሳ በሚጮኸው ድምፅ ጮኸባቸው።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ሰው ታሞ እያለፈ ትከሻ የማይሰጥ የማን ልጅ ነው? ግቡ እንጂ ከሥሩ! የቀረ ይቀጣል!»

«አባ፣ በአላህ ዝም በል» አልኩት። አለቀልን፣ አሁን ይተኩሳሉ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ጢማሙ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ ከኋላችን ቆሟል። «አባት፣ አይዞዎት፣ ይዘናል» አለ። ሌሎቹም ተከተሉት። ለምን አትበሉኝ፣ አልጠየቅኳቸውም። እነሱም አገር እንዲህ ያለ ሽማግሌ ይኖር ይሆናል።

እኔ መሪውን ይዣለሁ፣ እነሱ እያለከለኩ ይገፋሉ፣ አባቴ ደግሞ «ተቀባበሉ! ቀስ፣ በሽተኛው እንዳይናወጥ!» እያለ ያዛል። በሽተኛው ራሱ መሆኑን ረስቶታል። በዚያ ጭንቅ መሃል ሳቄ መጣ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ጢማሙ ላቡን ጠረገና ሞተሯን ነቅነቅ አደረጋት። ውስጧ ያለው ቤንዚን ተንቦጫቦጨ። አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ስንመለስ እዚህ እንዳላገኛት» አለና ጓደኞቹን ይዞ ወደ ጅረቱ ወረደ።

አባቴ ዳነ፣ አልሐምዱሊላህ። ሞተሯም ጦርነቱ እስኪያልፍ ነርሷ ግቢ ድርቆሽ ሥር ከረመች። እሱ ከዚያ ቀን አንድም ነገር አያስታውስም። በኋላ ስነግረው፣ ሰው ሁሉ እንደሚስቀው ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም።

«ስማቸውን ጠየቅሽ?» አለኝ።

«ኧረ አባ፣ ምን ስም! ቤታችንን የዘረፉ ሰዎች እኮ ናቸው!»

«ዘራፊነታቸውን ማን አጣው። ግን ትከሻ ሰጥተውናል። የእነሱ ሰው ሲታመም የት አገር ብለን ልንሄድላቸው ነው?»

ተናደድኩበት... ከዚያ ወዲህ ግን እኔም ሳላስበው፣ የማን ልጆች ይሆኑ እላለሁ።