ጤዛው ጥፋት አልነበረበትም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የለም። ኃጢአትህን ለጌታ ትነግረዋለህ፣ ይቅር ይልሃል፣ ተነሥተህ ትዘምራለህ። እኔም ነግሬዋለሁ፤ ዐይኔን ጨፍኜ፣ ከጎኔ የተንበረከከው ሰው እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ከዚያ ተነሥቼ ዘምሬአለሁ። ግን የበደልኩት ጌታን ብቻ ነው? ስለዚህ አንተ ይህን የምታነበው፣ ማን እንደሆንክ ባላውቅም፣ ስማኝ። እንድታጽናናኝ አይደለም።

የጋራ ግጦሻችን ውስጥ የበግ ትሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ አይደሉም።

ሰፈራችን ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር በጎቻችን ይከሱ ነበር። መጀመሪያ ከመንጋው ኋላ ይቀራሉ፤ ቀጥሎ መንጋጋቸው ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል፤ ከዚያ አንድ ጠዋት በረት ውስጥ ደርቀው ይገኛሉ። የሆድ ትል ነው። መድኃኒቱን ከአምቦ እየገዛን እንግታቸው ነበር፤ ግን አንዱን ጠርሙስ ለማብቃቃት ስንል ለእያንዳንዱ በግ ከልኩ አሳንሰን ስንሰጥ ኖረን ትሉ ለመደው። በመጨረሻ መድኃኒቱ ከውሃ አልተሻለም።

እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። አማርኛንም በደንብ ያወቅሁት በአምቦ ገበያ መሬት ላይ ተዘርግተው ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት ነው። ከእነሱና ከስልኬ ስለዚህ ትል ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። የትሉ እንቁላል ከበጉ በጠጥ ጋር ሜዳ ላይ ይወድቃል። ይፈለፈላል። ሣሩ ሲረጥብ እጩ፣ ገና ያላደገው ትል፣ ወደ ሣሩ ጫፍ ይወጣና በግ ይበላዋል። ስለዚህ ትሉን ሜዳው ላይ እያለ ማስራብ ይቻላል። ግጦሹን ከፋፍለህ አንዱ ሲጋጥ ሌላው ይረፍ። ካረፈው ላይ መጀመሪያ ላምና በሬ አስገባ፤ የበግ ትል በከብት ሆድ አይኖርምና ከብቱ ጠርጎት ይሄዳል። ሣሩን እስከ ሥሩ አታስግጥ። ጤዛ ሳይረግፍ በግ አታውጣ።

ጎረቤቶቼን ለመንኩና በጋራ የምንጠቀምበትን ካሎ፣ ማለትም የታጠረውን የግጦሽ ሜዳ፣ በአራት ከፈልነው። ሐሳቡን መጀመሪያ የተቀበሉት አዴ ጫልቱ ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ በሬ የላቸውም፤ እርሻቸውን ሌላ ሰው በእኩል ያርስላቸዋል። የራሳቸው የሚሉት በጎቻቸውን ነበር። ለአጥሩ የሚሆነውን እሾህ ከወንዶቹ እኩል ቆርጠው ጎትተዋል። እኔ የበግ የታችኛውን የዐይን ሽፋን ገልብጬ ሳይ፣ ቀይ ከሆነ ደም አለው፣ ከነጣ ትል እየመጠጠው ነው ብዬ ሳስረዳ፣ እሳቸው ከኋላዬ ሆነው ሰውን ያስቁብኝ ነበር።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የበግ ዐይን ስትገልጥ የሴት ዐይን ሳታይ ልታረጅ ነው!»

ከሕጎቻችን ሁሉ ጠንካራው የእንግዳ በግ ሕግ ነበር። ከሌላ ቦታ የመጣ በግ ካሎ አይገባም። ደጅ ይታሰራል፣ ሣር ታጭዶ ይቀርብለታል፣ በጠጡ ተጠርጎ ይወሰዳል፤ ዐይኑ እስኪቀላ ድረስ። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የሰው በግ እያየሁ «ገና ነው፣ አይፈታም» የምለውም እኔ ነበርኩ። በማለዳ አጥሩን የምዞረው፣ የተከፈተ በር የምፈልገው፣ ያጠፋውን ሰው ፊቱ ላይ የምናገረው እኔ።

በዚያ ዓመት ኦቦ ዲንሳ እናት በጎች በርቢ ሰጡኝ። እኔ አረባለሁ፣ ግልገሉን እንካፈላለን። ኦቦ ዲንሳ የሌሊሴ አባት ናቸው፤ እኔ ደግሞ ሌሊሴን እፈልጋት ነበር። በእኛ አካባቢ በጉን በርቢ የሰጠህ ሰው ሽማግሌ ስትልክበት በሩን አይዘጋም። በጎቹ ከረግረግ ዳር የመጡ ነበሩ። ዐይናቸውን ገለጥኩ፤ የነጣ ነበር። በሕጋችን መሠረት ደጄ ላይ አሰርኳቸው።

ኦቦ ዲንሳ ከአምቦ ገበያ ሲመለሱ ሳይታሰብ በፈረስ መጡ። ጎረቤቶች ደጃፌ ላይ ቆመው ነበር። ከፈረሱ ሳይወርዱ በጎቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ገመቹ፣ በጎቼ ምን ሰርቀው ነው የታሰሩት?»

ሰው ሳቀ። ስለ ትሉ ላስረዳ ጀመርኩ። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና «እህ! የእኔ በግ በሽተኛ ነው በለኛ» አሉ። ቀጥለውም ለሁሉም እንዲሰማ፣ «ነገ ልጄንም ብሰጥህ ደጅ አስረህ ዐይኗን ልትገልጥ ነው?»

ያን ቀን ምን ማለት ነበረብኝ? «አዎ ኦቦ፣ በሽተኞች ናቸው፤ ሲድኑ ይፈታሉ» ማለት ብቻ ነበር። ለአዴ ጫልቱ፣ ለሌላውም ሰው ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ለኦቦ ዲንሳ ግን አላልኩም። ጎንበስ ብዬ ገመዱን ፈታሁ። በእጄ ፈታሁት። መፍታት ብቻ አይደለም፤ ኦቦ ዲንሳ እያዩኝ ስለነበር ምርጡን ሣር ላሳያቸው ብዬ በጎቹን ካረፈው ክፍል አስገባኋቸው። ያ ክፍል ከሁሉ ረጅም ጊዜ ያረፈ፣ ጡት ለሚጥሉ ግልገሎች የተቀመጠ ነበር። ኦቦ ዲንሳ ደስ ብሏቸው ሄዱ። በነጋታውም አላወጣኋቸውም፤ እንደገና አሰራቸው መባሉን ኦቦ ዲንሳ ይሰማሉ ብዬ ፈራሁ። ጎረቤቶቼስ ለምን ዝም አሉ? «ገመቹ ከፈታቸው ድነዋል ማለት ነው» ብለው። አመኑኝ።

ግልገሎቹ ጡት ጥለው እዚያ ክፍል ገቡ። ብዙም ሳይቆይ መንጋጋቸው ሥር እብጠት ወጣ። ከየቤቱ ግልገል ሞተ። ሰው ካሎው በር ላይ ተሰበሰበና እኔን ጠየቀኝ። ማንን ይጠይቅ? የማውቀው እኔ ነበርኩ።

አንዱ «የኦቦ ዲንሳ በጎችስ?» አለ።

«ዐይናቸው ቀይ ነበር» አልኩ።

ያን ጊዜ ሌላው ተነሥቶ አዴ ጫልቱ አንድ ማለዳ በጎቻቸውን በጤዛ ሲያወጡ አይቻለሁ አለ። አዴ ጫልቱ ከተቀመጡበት ተነሡ። አልካዱም።

«እውነት ነው። ልጄ ምጥ ይዟት ወደ አምቦ ልወስዳት ስቸኩል ነው ያወጣኋቸው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ገመቹ፣ በእኔ የተነሣ ነው?»

አሁን በደንብ ስማኝ። በጤዛ የጋጠ በግ እጩን ስለሚበላ የሚጎዳው ራሱን ነው። የሌላውን ሰው ግልገል አይነካም። ደግሞም አዴ ጫልቱ በጎቻቸውን ያስገቡት ተራቸው በነበረው ክፍል ነው፤ ግልገሎቹ የታመሙበትን ሣር አልረገጡትም። ይህን ለይቶ የሚያውቅ በዚያ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው እኔ ነኝ።

«ይመስላል፣ አዴ» አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። ደጋግሜ አስቤያታለሁ። «አዎ» ያላልኩት ለምንድን ነው? ለራሴ ቀዳዳ ትቼ ነበር፤ አንድ ቀን እውነቱ ቢወጣ «ይመስላል እንጂ ነው አላልኩም» ልል። ስዋሽ እንኳ ተጠንቅቄ ነው የዋሸሁት።

አዴ ጫልቱ ግልገል የሞተበትን ሰው ሁሉ በየተራ ይቅርታ ጠየቁ። እኔንም ጠየቁኝ። «ምንም አይደል» አልኳቸው። ይቅር አልኳቸው! ሰዉ ከካሎው ይውጡ ብሎ ወሰነ፤ እሳቸውም በራሳቸው እጅ ባጠሩት በር በጎቻቸውን ነድተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ዳር፣ የሁሉ ሰው በግ የሚጋጥበት፣ ያላረፈ ሣር ላይ አዋሉ። በጎቻቸው ተራ በተራ አለቁ። የቀሩትን ከስተው ሳለ በርካሽ ሸጡ። ሌሊሴን ያገባሁት በዚያው ዓመት ነው። ኦቦ ዲንሳ ሠርጌ ላይ «በጎቼን በደንብ ጠብቆልኛል» ብለው መረቁኝ፤ በጎቻቸው ተዋልደው ነበርና። ባለቤቴ ይህን ሁሉ አታውቅም።

በቅርቡ አዴ ጫልቱን መንገድ ዳር አገኘኋቸው። አንዲት በግ በገመድ ይዘው ነበር፤ ልጃቸው የገዛችላቸው ናት። አርጅተዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፣ ስለ ሌሊሴ ጠየቁኝ፣ ከዚያ በጓን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ።

«እስቲ ዐይኗን እይልኝ፣ አንተ ታውቃለህ።»

የታችኛውን የዐይኗን ሽፋን ገለበጥኩ። ቀይ ነበር፤ ደህና ቀይ።

«ጤና ናት» አልኩ።

«ጤዛው ሳይረግፍ አላወጣትም» አሉኝ፣ እንደ ተማሪ። «ያን ጥፋቴን ሁለተኛ አልደግመውም።»

በጓ መሐላችን ቆማ ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም። የሚቸኩልም አልነበረም። «አዴ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም» ማለት ስንት ቃል ነው? እኔ ግን «ጥሩ ያደርጋሉ» ብያቸው መንገዴን ቀጠልኩ።

እንግዲህ ተናዘዝኩ ልበል? አሁን ወደ ላይ ተመለስና የጻፍኩትን እይ። ያን ቀን ካሎው በር ላይ የዋሸሁት በኦሮምኛ ነው። አዴ ጫልቱ የሚሰሙት ኦሮምኛ ብቻ ነው፤ አማርኛ አይችሉም። እኔም ኦሮምኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፤ እጽፍበታለሁ፣ እጸልይበታለሁ። ይህን ግን ቁጭ ብዬ፣ ቃል መርጬ፣ እሳቸው በማይሰሙት ቋንቋ ጻፍኩት። ቢነበብላቸው እንኳ እንዳይገባቸው።

ስለዚህ ይቅርታህን አልጠይቅህም። አንተ ልትሰጠኝ አትችልም፤ ሊሰጡኝ የሚችሉት ደግሞ ነገም ደጃቸው ቆመው ጤዛው እስኪረግፍ ይጠብቃሉ።