በጎን የተሣለችው ሴት

ባለፈው ኅዳር የእህቴ ልጅ ህይወት ፍኖተ ሰላም ላይ የውበት ሳሎን ልትከፍት ነበርና ያሳተመችውን ባነር ዘርግታ አሳየችኝ። ፊቷን ወደ ጎን ያዞረች፣ ቆዳዋ እንደ ብርጭቆ የሚያንሸራትት፣ አገሯ የት እንደሆነ የማይታወቅ ሴት።

«ማናት?» አልኳት።

«ኧረ አጎቴ፣ ከኢንተርኔት ነው ያወረድናት።»

ይህችኑ ሴት ከባሕር ዳር ስመጣ መራዊ አንድ መድኃኒት ቤት ላይ፣ ቡሬ ደግሞ አንድ ጥርስ ሐኪም በር ላይ አይቻታለሁ። ብራንድ ማለት ካንዱ ሌላውን መለያ ነው ይሉናል የሚያውቁ ሰዎች፤ መለያችን ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ አረፈው። ባነሩ ተሰቀለ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ በሥሩ አለፈ እንጂ ቀና ብሎ ያየው ሰው የለም። እኔን ግን ያስደነገጠኝ ፊቷን ማዞሯ ነው።

የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት የህይወት እናት፣ ታላቅ እህቴ ጥሩወርቅ፣ እዚሁ መንገድ ዳር የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍታ ነበር። ባሏን ፈትታ ከቡሬ መመለሷ ነው። ከተማው ወሬ ያስፈልገው ነበር፣ እሷ ደግሞ እንጀራ።

ያን ጊዜ ማስታወቂያ የሚሣለው ቆርቆሮ ላይ በዘይት ቀለም ነው፤ ሠዓሊውም አንድ ሰው፣ የኔታ ውበቱ። በወጣትነታቸው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ ኖረው፣ በኋላ ወደ ሥጋ ቤትና ወደ ሻይ ቤት የወረዱ ሰው ናቸው። የሥጋ ቤቱ በሬ ሳይቀር በሁለት ዓይኑ አላፊ አግዳሚውን ትክ ብሎ ያያል፤ መታረዱን አውቆ የተቀበለ ሰማዕት ይመስል ነበር።

እኔ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተምሬ ሁሉን አውቄ ጨርሻለሁ። እህቴ «ቆንጆ አድርገው ይሣሉልኝ በላቸው» ብላ ብትልከኝ፣ ፊቷን ያዞረች ሴት ሥዕል ከመጽሔት ቀድጄ ሄድኩ።

የኔታ አዩትና መለሱልኝ። «ልጄ፣ እኛ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ ነው የምንሥለው። እንዲህ በጎን፣ ባንድ ዓይን፣ ይሁዳንና ሰይጣንን ነው።»

«የኔታ፣ ይሄ እኮ ፀጉር ቤት ነው። ዘመኑ ተለውጧል።»

«ዘመኑን አንተ ታውቃለህ። የሚያየው ሰው ግን የትናንቱ ነው።»

«እንግዲያው ባሕር ዳር አሠራዋለሁ» አልኳቸው።

ብሩሻቸውን አነሡ። ዓይንን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነበር የሚሥሉት። አንዷን ሣሉና ሁለተኛዋን ሳይሥሉ ብሩሹን አስቀመጡ።

ጊዜው በርበሬ የሚወጣበት ነበር፤ ከተማው ሁሉ ያስነጥሳል። በገበያ ቀን ከገጠር የመጡ ሴቶች አህዮቻቸውን አቁመው ፀጉር ቤቱ በር ላይ የተሰቀለውን ቆርቆሮ ቀና ብለው ያያሉ።

«ይቺ የማን ናት?»

«ያች ባሏን ፈትታ የመጣችው።»

«የኔታ ያዩባት ነገር ቢኖር ነው። እሳቸው ያለ ነገር ባንድ ዓይን አይሥሉም።»

አማትበው ያልፋሉ። ወር ሳይሞላ ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ።

እህቴ የኔታን መንገድ ላይ አስቆመቻቸው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

«ምን አይተውብኝ ነው? እስቲ ሰው ፊት ይንገሩኝ!»

እሳቸው እኔን አዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«እጄ ስቶ ነው፣ ልጄ። ይቅር በይኝ» አሉ።

ይህን የሰማ ነጋዴ ሁሉ የየኔታ እጅ ሳተ ብሎ ሥራውን ለሌላ ሰጠ። እህቴ ቤቱን ዘግታ ልብስ ሰፊ ዘንድ ተቀጠረች። እኔ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ፤ ከዚያም ስለ አገሬ ሰው አለማወቅ ብዙ ጻፍኩ።

ባነሩ በተሰቀለ ቀን ምሳ ላይ፣ የጾም ሽሮ ቀርቦ፣ እህቴ ልጇን እያየች «እኔንስ ያ ሽማግሌ ነው ያበላሸኝ» አለች።

ስንት ዓመት የዋጥኩት ያኔ ወጣ። «እታለም፣ እሳቸው እንቢ ብለው ነበር። በግድ ያሣልኳቸው እኔ ነኝ።»

እጇ ትሪው ላይ ቆመ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ በወደድኩ።

«ለቅሷቸውን ቀርቻለሁ እኮ፣ ወንድማለም» አለች። «ከሞቱ ሰባት ዓመታቸው፣ ቤታቸውን አልረገጥኩም። እሳቸው የእናታችን ለቅሶ ላይ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ ነበሩ።»

እጇን ታጠበች። ነጠላዋን ለለቅሶ እንደሚለበሰው ዘቅዝቃ ለበሰች።

«ተነሥ። ባለቤታቸው አሉ።»

ተከተልኳት። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ሰባት ዓመት ዘግይቶ ለቅሶ የደረሰ ሰው በር ላይ ምን እንደሚል ግን የትም አላነበብኩም። አሮጊቷ በሩን ከፍተው የእህቴን ነጠላ አዩና ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ውይ ልጆቼ! ማን ሞተባችሁ?»